ለመሀል ከተማ የመኖሪያ ጥግግትና የቤት አይነት ደንብ እንዴት ይፃፋል፦ ባህር ዳርን ይዘን ከቆጠራ እስከ አንቀፅ

የአካባቢ ልማት ፕላን ውይይት ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «እኛ ጋ ስንት ፎቅ ተፈቀደ?» ነው፣ ከዛ ክርክሩ ሁሉ ጂ+2 ይሁን ጂ+4 ላይ ተጣብቆ ይቀርና እዛ ቤት ውስጥ ማን ይኖራል የሚለው ሳይነሳ ስብሰባው ይበተናል። ይሄ መመሪያ ለዛ ላልተነሳው ጥያቄ ነው። የፎቅ ቁጥር ብቻውን ስለ ጥግግት (በአንድ ቦታ ላይ ስንት ቤት ወይም አባወራ እንደሚኖር) ብዙም አይነግራችሁም፣ አራት ወለል ያለው ህንፃ አቁማችሁ ድሮ እዛው ቦታ ላይ ከነበረው የጭቃ ቤት ጊቢ ያነሰ አባወራ ልታኖሩበት ትችላላችሁ፣ ይሄ ደሞ ወሬ ሳይሆን ሂሳብ ነው፣ ታች ሰርቼ አሳያችኋለሁ።

የፃፍኩት ፕላን ላይ ለሚሰሩ ጀማሪ ባለሞያዎችና ኮሚቴ ውስጥ ለተመረጡ ነዋሪዎች ነው፣ መሀል ከተማ ላይ ይዞታ ኖሯችሁ ነገ ምን ሊፈቀድልኝ ነው ብላችሁ የምታስቡም ብታነቡት አይጎዳችሁም።

1. የት ላይ እንደምትፅፉ እወቁ

በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሰረት ከተማ ሁለት ደረጃ ፕላን አለው፣ ሙሉ ከተማውን የሚይዘው መዋቅራዊ ፕላንና ሰፈር በሰፈር የሚሰራው የአካባቢ ልማት ፕላን። መዋቅራዊው ለአስር አመት የሚታሰብ ነው፣ የት መኖሪያ፣ የት ቅይጥ (መኖሪያና ንግድ አንድ ላይ)፣ የት አረንጓዴ እንደሚሆን በጅምላ ያስቀምጣል። የህንፃ ከፍታ፣ ጥግግት፣ የቤት አይነት፣ የብሎክ አደረጃጀት የሚባሉት ዝርዝሮች ግን ቦታቸው የአካባቢ ልማት ፕላኑ ነው፣ እናንተም የምትፅፉት እዛ ላይ ነው። ከመዋቅራዊው ጋር የተጋጨ ነገር ስለሚወድቅ መጀመሪያ ካርታውን ከነማብራሪያው አውጡና ሰፈራችሁ ላይ ምን ቀለም እንደተቀባ እዩ። አዋጁ ፕላን ከመፅደቁ በፊት ህዝብ እንዲወያይበት ያዛል፣ ውይይቱ ላይ ደሞ የሚደመጠው ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ነው፣ «ሰፈራችን ተጨናንቋል» ብቻ የሚል ይጨበጨብለትና ይረሳል።

ሁለተኛው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው (ከመጠቀማችሁ በፊት አሁንም እየተሰራበት መሆኑን አጣሩ)፣ ህንፃን በሶስት ምድብ ይከፍላል። ምድብ «ሀ» ፎቅ የሌለው ሆኖ በምሰሶዎቹ መሀል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ፣ ምድብ «ለ» ከዛ ያለፈው፣ ምድብ «ሐ» ደሞ የህዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካ፣ ወይም ከምድር ወለሉ እስከ መጨረሻው ኮርኒስ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ። ይቺን 12 ሜትር በደንብ ያዟት። ጂ+3 እያንዳንዱ ወለል 3 ሜትር ቢሆን ልክ 12 ላይ ይቆማል፣ ምድብ «ለ» ሆኖ ይቀራል። ግን ከታች ሱቅ እንዲሆን ብላችሁ የምድሩን ወለል 4 ሜትር አድርጉ ብትሉ 13 ይሆንና ምድብ «ሐ» ይገባል፣ የሚጠየቀው የባለሞያ ደረጃ፣ ጥናቱ፣ ቁጥጥሩ ሁሉ ይጨምራል፣ ብሩም አብሮ ይጨምራል። ደንብ ፃፊው በአንዲት መስመር «የምድር ወለል ከፍታ ከ4 ሜትር አያንስም» ብሎ ሲፅፍ የሰፈሩን ባለይዞታ በሙሉ ወደ ላይኛው ምድብ እየገፋው እንደሆነ አያስተውልም። ከፈለጋችሁት ፃፉት፣ ግን አውቃችሁት ፃፉት።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ የሊዝ አዋጁ 721/2004 ላይ ውሉ የግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ጊዜ ስላለው «ከዚህ ፎቅ በታች አይሰራም» ብላችሁ ከአቅም በላይ የሆነ ስትጭኑ የሊዝ ባለይዞታው በጊዜ አይጨርስም፣ የ1161/2011 አዋጅ ለልማት በሚፈለግ ቦታ ላይ ያለ ባለይዞታ በፕላኑ መሰረት ራሱ የማልማት ቅድሚያ መብት ይሰጠዋል፣ የ370/1995 አዋጅ ደሞ አንድ ህንፃ ውስጥ ብዙ ሰው የየራሱን ቤት በባለቤትነት እንዲይዝ ያስችላል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ክፍል 8 ላይ እንመለስባቸዋለን።

2. መሀሉን አንድ ቀለም አትቀቡት

«መሀል ከተማ» ብላችሁ ለሁሉም አንድ ቁጥር ከፃፋችሁ ገና ከመነሻው ተበላሸ። ባህር ዳር በኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በጀርመን ባለሞያዎች ማስተር ፕላን የወጣላት ከተማ ናት፣ መንገዶቿ ሰፋ ያሉ፣ ብሎኮቿም ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ይሄ ለእናንተ ትልቅ እድል ነው ምክንያቱም ብሎክ በብሎክ መፃፍ ትችላላችሁ፣ እንደ አንዳንድ ከተማ የተጠማዘዘ ቅያስ ውስጥ አትገቡም።

እኔ ብሆን ቢያንስ አራት ቦታ እከፍለዋለሁ። ሐይቁን ተከትሎ ያለው መስመር ለብቻ፣ እሱ ላይ መኖሪያ ጥግግት ከማሰባችሁ በፊት የሐይቁ መከላከያ ክልል የት ድረስ እንደሆነ ከፕላኑ ላይ አስምሩ፣ ጣና በ2015 እኤአ በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፣ እዛ መስመር ላይ ዋናው ጉዳይ ስንት ቤት ይገባል ሳይሆን ህዝቡ ወደ ውሃው የሚያልፍበት መንገድ በሆቴል አጥር እንዳይዘጋ ነው። ሁለተኛው ጊዮርጊስ አካባቢና ዘንባባ ያለባቸው ዋና መንገዶች ዳር። ሶስተኛው ቅዳሜ ገበያና መናኸሪያ አካባቢ፣ እዛ ጋ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ይጫናል ይወርዳል። አራተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ያለው የብሎኩ ውስጥ። ከመንገድ ሲታይ መስታወት የለበሰ ህንፃ ነው፣ ከጀርባው ግን የማንጎ ዛፍ ያለበት ጊቢ፣ ሰርቪስ ክፍል፣ የቀበሌ ቤት፣ ጠላ ቤት አለ። መሀል ከተማ የሚኖረው ሰው አብዛኛው ያለው እዛ ነው።

ሐይቅ ዳር ስትከፍሉ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሚኖርባቸውን ቦታዎች እንደ ባዶ መሬት አታስምሩ። የደንገል ስራ መሬት ላይ ዘርግቶ የማድረቂያ ቦታ ይፈልጋል፣ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ታንኳ አይሰራም። ለነሱ የሚፃፈው የቤት አይነት ከታች የስራ ቦታ ያለው ዝቅ ያለ ቤት ነው፣ ይሄንንም እነሱን አስቀምጣችሁ ነው የምትፅፉት።

ሳይታችሁ በአውሮፕላን ማረፊያው የመነሻና የማረፊያ አቅጣጫ ላይ ከሆነ ደሞ ከፍታው የናንተ ውሳኔ ብቻ አይደለም፣ ከሲቪል አቪዬሽን ጋር ተነጋገሩ።

3. አሁን ያለውን ቁጠሩ፣ ሰርቪሱንም ጨምራችሁ

ይሄ ከሁሉም ደረጃ የሚበልጥ ነው፣ ጊዜያችሁን ግማሹን እዚህ ላይ ብታጠፉት አይቆጭም።

ካርታ ላይ አንድ ይዞታ አንድ ቤት ነው። መሬት ላይ ግን አንድ ይዞታ ማለት ዋናው ቤት፣ ከኋላ በመደዳ የተሰሩ ሰርቪሶች፣ አንዳንዴም ከበሩ ጎን ወደ መንገድ የወጣች ሱቅና ከሱቋ ኋላ የሚተኛ ሰው ነው። የመሀል ከተማው እውነተኛ ርካሽ ቤት ይሄ ሰርቪስ ነው፣ አስተናጋጇ፣ ባጃጅ ነጂው፣ አዲስ የተቀጠረው መምህር፣ ከገጠር መጥቶ የሚማረው ልጅ የሚኖሩት እዚህ ነው። ደንቡ ሰርቪስን ካልቆጠረ እነዚህን ሰዎች በወረቀት ላይ የሉም ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ከዛ ጊቢው ሲፈርስ የት ሄዱ የሚል የለም።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። በቆጣሪ አትቁጠሩ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ አምስት ክፍል ይይዛል፣ ውሃውም እንደዛው። በበርም ብቻ አትቁጠሩ፣ አንድ ሰው ሁለት ክፍል ሊከራይ ይችላል። ለብቻው የሚያበስል ሁሉ አንድ አባወራ ብላችሁ ያዙ፣ ሶስት ተማሪ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው የሚበሉ ከሆነ አንድ ናቸው። ክረምት ላይ አትውጡ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ስለሚሄድ ቁጥሩ ያታልላችኋል። ስትገቡ ደሞ «የፕላን ቆጠራ ነው» ብላችሁ በግልፅ ተናገሩ፣ አለበለዚያ አከራይዋ ግብር መስሏት ተከራዮቿን በሙሉ የእህቴ ልጆች ናቸው ትላችኋለች (ምን ታድርግ)። የሰፈሩ እድር ዳኛ ወይም ፀሐፊ አብሯችሁ ካለ ስራው በግማሽ ይቀላል።

ለእያንዳንዱ አባወራ የምትይዙት፦ ስንት ክፍል፣ በግምት ስንት ካሬ፣ ሽንት ቤቱ የግል ነው የጋራ፣ ባለቤት ነው ተከራይ ወይስ የቀበሌ ቤት፣ ስንት ሰው። ስም አያስፈልጋችሁም፣ አትፃፉት።

4. ሂሳቡን ስሩ

ለምሳሌ ያህል 80 በ100 ሜትር የሆነ ብሎክ እንውሰድ፣ 8,000 ካሬ ማለት ነው፣ 0.8 ሄክታር። ውስጡ 250 ካሬ የሆኑ 32 ይዞታዎች አሉ እንበል። በካርታ ስትቆጥሩት 32 ቤት በ0.8 ሄክታር፣ በሄክታር 40 ቤት ይመጣል፣ ይሄን ያየ ሰው «መሬቱ ባክኗል፣ ይፍረስ» ይላል። አሁን በየጊቢው በአማካይ 3 ሰርቪስ ተከራይ ጨምሩ፦ 32 ጊዜ 4፣ 128 አባወራ፣ በሄክታር 160። ያው ብሎክ ነው፣ አንድም ፎቅ የለበትም።

ቀጥላችሁ አፍርሱትና ጂ+3 ስሩበት፣ ሂሳብ ላይ ማለቴ ነው። የህንፃ ሽፋን (ከመሬቱ ላይ ህንፃው የሚያርፍበት ድርሻ) 50 በመቶ ብትሉ 4,000 ካሬ ነው፣ በአራት ወለል 16,000 ካሬ፣ የወለል ስፋቱ ለቦታው ስፋት ያለው ጥመርታ (ባለሞያዎቹ ኤፍኤአር የሚሉት) 2.0 ይሆናል። የምድሩን ወለል ለሱቅ ስጡ፣ 12,000 ቀረ። ደረጃ፣ ኮሪደር፣ ግድግዳ ሩብ ያህሉን ይበላል፣ 9,000 ቀረ። አፓርታማው በአማካይ 90 ካሬ ከሆነ 100 ቤት ይወጣል፣ ማለትም ከነበሩት 128 ያነሰ! አማካዩ 50 ካሬ ከሆነ ግን 180 ቤት። ህንፃው ያው ነው፣ ፎቁ ያው ነው፣ ኤፍኤአሩም ያው ነው፣ ልዩነቱን ያመጣው የቤቱ ስፋት ብቻ ነው። በከፍታና በኤፍኤአር ብቻ የተፃፈ ደንብ ደሞ ይሄን ልዩነት አያየውም።

በአንድ ይዞታ ብታዩትም ያው ነው። 250 ካሬ ላይ ግማሹ ቢሸፈን 125 ካሬ ነው፣ ደረጃና ግድግዳ ሲወጣ በየወለሉ 90 ካሬ ገደማ ይቀራል። ባለቤቱ በየወለሉ አንድ ሰፊ ቤት ቢሰራ ከሱቁ በላይ 3 ቤት፣ ድሮ ግን 4 አባወራ ነበረ። በየወለሉ አንድ ባለ 50 እና አንድ ባለ 40 ቢያደርገው 6።

ስለ ልክ አንድ ነገር። «በሄክታር» ስትሉ ጥቅል ነው የተጣራ የሚለውን ሁሌ ፃፉ። የተጣራ ማለት የይዞታዎቹ መሬት ብቻ፣ ጥቅል ማለት መንገዱም ሲጨመር ነው። ከላይ ያለው ብሎክ በአራቱም ጎን 15 ሜትር መንገድ ቢኖረውና ግማሽ ግማሹን ብትጨምሩ 95 በ115 ይሆናል፣ ወደ 1.09 ሄክታር፣ 160 የነበረው 117 ገደማ ይወርዳል። አንዱ በጥቅል ሌላው በተጣራ እያወራ ግማሽ ቀን ሲከራከሩ ይውላሉ። ለደንብ የተጣራውን ተጠቀሙ። ሌላው ደሞ 40 በመቶ ግንባታ፣ 30 በመቶ መንገድና መሰረተ ልማት፣ 30 በመቶ አረንጓዴ የሚለው መመዘኛ የከተማ ደረጃ መለኪያ ነው፣ አንድ 250 ካሬ ይዞታ ላይ 40 በመቶ ብቻ ስራ ማለት አይደለም፣ እንደዛ አድርጎ የሚተረጉመው ሰው ስለማይጠፋ ደንባችሁ ላይ ለይታችሁ አስቀምጡት።

5. ወለልም ጣሪያም አስቀምጡ

የለመድነው «ከዚህ ፎቅ በታች አይሰራም» የሚል ዝቅተኛ ነው። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፣ አቅም ያለው ይሰራል፣ የሌለው ፌሮው ሰማይ እያየ ዝጎ ይቀራል ወይም ይሸጣል። እኔ የምለው ዝቅተኛውን በፎቅ ሳይሆን በቤት ቁጥር ፃፉት፦ አዲስ ግንባታ በቆጠራው ከነበረው አባወራ ያነሰ ቤት መያዝ የለበትም። በቃ። 4 ከነበረ 4 ወይም ከዛ በላይ። በጂ+1 ከቻለ በጂ+1፣ በጂ+3 ከሆነም በጂ+3። ዋና መንገድ ዳር ለከተማ ገፅታ የግድ ከፍታ ካስፈለገ ግንባታውን በምዕራፍ በምዕራፍ ፍቀዱ፣ መሰረቱና ምሰሶው ለጂ+3 ተሰልቶ ጂ+1 ሲደርስ መጠቀሚያ ፈቃድ ይሰጠውና በኪራዩ ቀሪውን ይቀጥል።

ከፍተኛውን የሚወስነው ደሞ ፎቅ አይደለም፣ ፍሳሽ ነው። ባህር ዳር ሁሉን የሚሰበስብ የፍሳሽ መስመር የላትም፣ ሁሉም በየጊቢው ሴፕቲክ ታንክ ወይም ጉድጓድ ነው፣ ሐይቁ አጠገብ ደሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ክረምት ላይ ሶክ አዌዩ (ፍሳሹን ወደ መሬት የሚያሰርገው ጉድጓድ) መምጠጡን ያቆማል። አሁንም በሂሳብ እንየው፣ 180 ቤት፣ በቤት 4 ሰው፣ በሰው በቀን 60 ሊትር ብትሉ በቀን 43 ሜትር ኩብ ገደማ ፍሳሽ ነው። 10 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማንሻ መኪና ለአንድ ብሎክ ብቻ በየቀኑ ከአራት ጊዜ በላይ መመላለስ አለበት፣ ማንም አያደርገውም፣ ስለዚህ ማታ ዝናብ ሲመጣ ወደ ጎርፍ መውረጃው ይለቀቃል፣ ከዛ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፣ ጣና ነው። ስለዚህ ከፍተኛውን ጥግግት ሁለት ደረጃ አድርጉት፦ በየግሉ ሴፕቲክ ታንክ ለሚሰራ ዝቅ ያለ፣ ብሎኩ ተባብሮ የጋራ ማጣሪያ ለሚሰራ ከፍ ያለ። ተጨማሪ ቤት የሚፈልግ አልሚ ማጣሪያውን ለመስራት ምክንያት ያገኛል።

6. የቤት አይነት ድርሻ

እዚህ ላይ «የቤት ስብጥር ይኑር» ብሎ መፃፍ ምንም አለመፃፍ ነው። አይነቶቹን በስም ዘርዝሩ፣ እያንዳንዱን ግለፁ፣ ከዛ ድርሻ ስጡ። መሀል ባህር ዳር ላይ የሚያስኬዱት እነዚህ ናቸው፦ ከፊት ሱቅ ከኋላ ወይም ከላይ መኖሪያ የሆነው የቆየው የከተማ ቤት፣ በግድግዳ የተያያዘ መደዳ ጂ+1፣ የጋራ ጊቢን ከቦ የሚሰራ ዝቅ ያለ አፓርታማ፣ በኮንዶሚኒየም የለመድነው ጂ+3 እና ጂ+4፣ እንዲሁም ክፍል ቤት።

ክፍል ቤት የምለው ሰርቪሱን ነው፣ ህጋዊ ሆኖ። ብዙ ፕላነር ሰርቪስን እንደ ነውር ያየዋል፣ ደንቡ ውስጥ አያስገባውም፣ ሰዉ ግን መስራቱን አያቆምም፣ መስኮት የሌለው ላሜራ ቤት ይሆናል እንጂ። ይልቅ ፍቀዱትና መስፈርት ስጡት፣ ለምሳሌ ከ12 ካሬ የማያንስ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ያለው፣ ለአራት ክፍል ቢያንስ አንድ ሽንት ቤትና አንድ ቧንቧ። ቁጥሮቹ የኔ ሀሳብ ናቸው፣ በየሰፈራችሁ ተነጋገሩባቸው። በቆጠራው ላይ ግማሽ ቤት ብላችሁ እንዳትይዙት ብቻ፣ ግማሽ ስትሉት ግማሹ ሰው ይጠፋል።

ድርሻውን ስትፅፉ በትንንሽ ይዞታ ላይ አታጥብቁ፣ ሶስት ቤት የሚሰራን ሰው «ሶስት አይነት አምጣ» ማለት ቀልድ ነው። 6 እና ከዛ በላይ ቤት ያለው ህንፃ ላይ ግን እንዲህ ማለት ይቻላል፦ ቢያንስ ሲሶው ከ45 ካሬ ያልበለጠ ይሁን፣ አንድ አይነት ብቻውን ከ60 በመቶ አይለፍ፣ ከ10 ቤት አንዱ ሶስት መኝታ ይኑረው። የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል፣ ስቱዲዮ ብቻ ሲበዛ ልጅ የወለደ ሁሉ ከመሀል ይወጣል፣ እናትና አያት የሚኖሩበት ቤትም ይጠፋል። ሊፍት በሌለው ህንፃ ደሞ ቢያንስ አንድ ቤት ከሱቆቹ ጀርባ ምድር ላይ ይሁን፣ ለአዛውንትና በዊልቸር ለሚሄድ ሰው። ከ6 በታች ያሉትን በየብሎኩ መዝገብ ላይ እየመዘገባችሁ ድምሩን ተከታተሉ።

ማጭበርበሪያዎቹን ካሁኑ ዝጉ። አንደኛው ፔንሲዮን ነው፣ ባህር ዳር የእንግዳ ከተማ ስለሆነች ህንፃው «አፓርታማ» ተብሎ ይፈቀድና ሲያልቅ በአዳር ይከራያል፣ ስለዚህ የአልጋ ክፍል በቤት ቁጥር አይያዝም ብላችሁ ፃፉ። ሁለተኛው ፕላን ላይ ሁለት ስቱዲዮ አሳይቶ ሲሰራ መሀሉን ግድግዳ ማንሳት ነው፣ «ቤት» ማለት የራሱ መግቢያ፣ የራሱ ማብሰያና የራሱ መታጠቢያ ያለው፣ ወይም ክፍል ቤት ከሆነ የራሱን መስፈርት ያሟላ ሆኖ በመጠቀሚያ ፈቃድ ጊዜ በአካል የተቆጠረ ነው የሚል ትርጉም ይዘጋዋል። ሶስተኛው የቤት ሰራተኛ ክፍልን እንደ ትንሽ ቤት ማስቆጠር፣ ያው ትርጉም ይይዘዋል።

7. ጊቢው፣ ምጣዱ፣ ድንኳኑ፣ መኪናው

ጥግግት ሲጨምር የሚጠበው ሳሎኑ ሳይሆን ውጭው ነው። መብራት ሲጠፋ እንጀራው በእንጨት ነው የሚጋገረው፣ በርበሬው የሚሰጣበት፣ በግ የሚታረድበት ቦታ ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየሞቹ ላይ ኮሙናል ቤት የተሰራው ለዚህ ነበር፣ ሀሳቡ ልክ ነው፣ ደካማ የሆነው አያያዙ ላይ ነው፣ ብዙ ቦታ መጋዘን ሆኖ ቀርቷል። ጢስ መውጫ ያለው የጋራ ማብሰያ ለ20 ወይም 30 ቤት አንድ ብላችሁ ፃፉ፣ ለሱቅ እንዳይከራይም ጨምሩበት።

ድንኳን የሚተከልበት ክፍት ቦታ በየብሎኩ አንድ። ለቅሶ ቤት ሰው ሶስት ቀን የሚቀመጥበት ቦታ ካጣ አስፋልቱ ይዘጋል፣ እየሆነ ያለውም ይሄው ነው። ቦታው ዛፍ ሊኖርበት ይችላል፣ ልጆች ሊጫወቱበት ይችላሉ፣ መኪና ማቆሚያ ግን እንዳይሆን።

መኪና ካነሳን፣ ከሌላ ከተማ የተቀዳ «ለአንድ ቤት አንድ ማቆሚያ» የሚል አንቀፅ ካያችሁ ሰርዙት። አንድ መኪና ከነመዞሪያው 25 ካሬ አካባቢ ይፈልጋል፣ ስቱዲዮው ራሱ ከዛ ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚህ ትንሽ ቤት መስራት አያዋጣም ይባልና ሁሉም ሰፊ ይሰራል። ይቺ ከተማ የሳይክል ከተማ ናት። ለየቤቱ የሚቆለፍ የሳይክል ቦታ ምድር ላይ ጠይቁ፣ መኪናውን ከ60 ካሬ በላይ ለሆኑት ቤቶች ብቻ ተዉት።

8. ያሉት ሰዎች ምን ይሆናሉ

ባለይዞታው የማልማት ቅድሚያ መብት አለው ብለናል፣ ግን 250 ካሬ ይዞ ብቻውን ደረጃ፣ ታንክ፣ ማብሰያ ሁሉ ካስቀመጠ የሚተርፈው የለም። ሁለት ሶስት ጎረቤት ይዞታቸውን ቢያቀላቅሉ አንድ ደረጃ ለሁሉም ይበቃል፣ በ370/1995 መሰረትም እያንዳንዱ የየራሱን ቤት ይይዛል። ይሄን የሚያበረታታ አንቀፅ አስገቡ፣ ለምሳሌ ለተቀላቀለ ይዞታ የህንፃ ሽፋኑን 50 ከነበረ 55 በመቶ ማድረግ። ጎረቤት ከጎረቤት መስማማት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የወራሾች ጉዳይ ያልተዘጋበት ጊቢ ስንት አለ፣ ስለዚህ ግዴታ አታድርጉት።

የቀበሌ ቤት ተከራይና የሰርቪስ ተከራይ ግን የባለይዞታ መብት የላቸውም። ለነሱ ደንቡ ሊያደርግ የሚችለው ከላይ ያልኩት ነው፣ ትንንሾቹ ቤቶች እዛው ሰፈር ውስጥ እንዲሰሩ ማስገደድ፣ ግንባታውም ብሎኩን በአንዴ ሳይሆን ግማሽ በግማሽ እንዲሄድ ማድረግ፣ ከፈረሰው የወጣ ተከራይ ባልፈረሰው በኩል ክፍል እንዲያገኝ።

9. ከመፅደቁ በፊት ፈትኑት

ረቂቁን ይዛችሁ ሶስት እውነተኛ ይዞታ ምረጡ፣ አንድ የጥግ፣ አንድ ጠባብ የብሎክ ውስጥ፣ አንድ ዋና መንገድ ዳር። ለምታውቁት አርክቴክት ወይም ለተመራቂ ተማሪ ስጡና በደንባችሁ መሰረት ብቻ ይሳልላችሁ። ጠባቡ ላይ ሴትባኩ (ከወሰኑ ሳይሰራበት የሚተወው ርቀት)፣ ታንኩና የሳይክል ቦታው ተደምሮ ቤት የማይወጣ ከሆነ ሴትባኩን ነው የምትቀንሱት፣ ከጎን ያለ መስኮት የሌለው ግድግዳ እስከ ወሰን ይምጣ። ከዛ ለአንድ ኮንትራክተርና ለአንዲት አከራይ አሳዩዋቸው፣ የሚያዋጣና የማያዋጣውን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

አንቀፁ ሲፃፍ ይሄን ይመስላል፣ እንደ መነሻ ውሰዱት፦

«በዚህ ብሎክ የሚሰራ አዲስ መኖሪያ ወይም ቅይጥ ህንፃ በቆጠራ መዝገቡ ላይ ለይዞታው ከተመዘገበው የአባወራ ቁጥር ያላነሰ ቤት ይኖረዋል። በግል ሴፕቲክ ታንክ የሚገለገል ከሆነ የተጣራ ጥግግቱ በሄክታር ከ200 ቤት፣ በፀደቀ የጋራ ማጣሪያ የሚገለገል ከሆነ ከ280 ቤት አይበልጥም፤ ሆኖም በቆጠራው የተመዘገበው ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ የተመዘገበው ቁጥር ይፀናል። 6 እና ከዚያ በላይ ቤት ያለው ህንፃ ቢያንስ ከሶስት ቤት አንዱ ከ45 ካሬ ያልበለጠ ይሆናል። በአዳር የሚከራይ ክፍል እንደ ቤት አይቆጠርም።»

200 እና 280 ለምሳሌ የገቡ ናቸው፣ የናንተን ከቆጠራውና ከፍሳሹ ሂሳብ አውጡ። የመሸጋገሪያ አንቀፅም ጨምሩ፣ የፕላን ስምምነት የወሰደ ሰው በድሮው ይቀጥል ወይስ በአዲሱ የሚለው ካልተፃፈ የመጀመሪያው ክስ የሚመጣው ከዛ ነው። የቆጠራ መዝገቡን ደሞ ከፀደቀው ፕላን ጋር አባሪ አድርጋችሁ አሳትሙት፣ አንድ ኮፒ ፕላኑን በሚያስፈፅመው ፅህፈት ቤት አንድ ኮፒ እድሩ ጋ ይቀመጥ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሞያ ማህተም ከመምታቱ በፊት የይዞታውን መስመር ከመዝገቡ ላይ አውጥቶ ከቀረበው ፕላን ጋር እንዲያስተያይ የማመልከቻ ፎርሙ ላይ ባዶ ቦታ ተዉለት።